ከሩስያ የተመለሰው ምስር፣ የባሕር ዳርቻው ቆስጣ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰላም ነው? የምኖረው ሽቱትጋርት ነው። ባለፈው ገበያ ወጥቼ «አልብ ላይዛ» የሚባል ድፍን ምስር አየሁ። ዋጋው ከቱርኮቹ ሱቅ ምስር ጋር አይገናኝም፣ እሳት ነው። ሻጯን ስጠይቃት «ዘሩ ጠፍቶ ከሩስያ የተመለሰ ነው» አለችኝ። እውነት ነው? አነስተኛ የአትክልት ቦታ ስላለኝ ብዘራው ይሆናል? ደግሞ እናቴ የሐበሻ ጎመን ዘር በሰው ልላክልሽ ትላለች። ችግር ያመጣብኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሻጯ እውነቷን ነው። ከሽቱትጋርት ወደ ደቡብ ስትወጪ የምታገኚው ሽቬቢሽ አልብ የሚሉት ደጋ አፈሩ ስስ ነው፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ። ሌላው እህል በሚንገላታበት መሬት ምስር ይሆናል። የአካባቢው ሰዎች ምስር ወጣቸውን ሽፔትስለ ከሚሉት የእንቁላል ፓስታ ጋር ነው የሚበሉት። ካልቀመስሽው ቅመሺው። በርበሬ ይጎድለዋል እንጂ ጥሩ ምግብ ነው።

በ1950ዎቹ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) እርሻው ቆመ። ምስር ሥራው ብዙ፣ ምርቱ ትንሽ ነው። አጨዳ ላይ ዝናብ ከመጣ ደግሞ የዓመት ልፋት ማሳው ላይ ይበሰብሳል። ከውጭ የሚገባው ርካሽ ሆነ፣ ገበሬውም ተወው። የሚዘራው ሲጠፋ ዘሩም አብሮ ጠፋ። የነባር ዘር አጠፋፍ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፣ ሳይታወቅ።

በ1985 ላውተራኽ በምትባል መንደር አንድ የገበሬ ቤተሰብ እንደገና ምስር ልዝራ አለ። የአካባቢው ዘር ስለሌለ በፈረንሳይ ምስር ጀመሩ። የድሮውን ማፈላለጋቸውን ግን አልተዉም። በመጨረሻ በ2006 ሁለት የአልብ ዝርያዎች ሩስያ፣ ሴንት ፒተርስበርግ፣ ቫቪሎቭ የሚባለው የዕፅዋት ተቋም የዘር ክምችት ውስጥ ተገኙ። አንደኛው ፍሬው ተለቅ ያለ፣ ሌላው አነስ ያለ ነው። የመጣው ዘር በጣም ጥቂት ስለነበር መጀመሪያ የሚበላ አልነበረም። እየዘሩ፣ ለቅመው መልሰው እየዘሩ ነው ለገበያ ያደረሱት። ዛሬ ከመቶ በላይ ገበሬዎች በማኅበር ያመርቱታል።

ቫቪሎቭን ካነሳን አይቀር እኛም ድርሻ አለን። ተቋሙ የተሰየመለት ሩስያዊው የዕፅዋት ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያ መጥቶ፣ ከራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ፣ በበቅሎ እየተጓዘ የስንዴና የገብስ ዘር ሰብስቧል። ኋላ የስታሊን መንግሥት አስሮት በ1943 ሳራቶቭ እስር ቤት ሞተ። ሌኒንግራድ (የዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) በጀርመን ጦር ተከባ ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ የተቋሙ ሠራተኞች ሩዝና ኦቾሎኒ እየጠበቁ አንዷን ፍሬ ሳይነኩ በረሃብ ሞተዋል። የጀርመን ገበሬ ምስሩን ያገኘው እንግዲህ እዚያ ተቋም ነው።

ስለ ዋጋው። ምስር ብቻውን አይቆምም፣ መሬት ላይ ይተኛል። ስለዚህ ከገብስ ወይም ከአጃ ጋር ቀላቅለው ይዘሩታል፤ ተደግፎ ያድጋል። አብሮ ይታጨዳል፣ አብሮ ይወቃል። ከዚያ ማድረቅና መለየት አለ፣ ማሽኑ ደግሞ በነጻ አይሠራም። እኛ አገር ትግራይ ውስጥ ሐንፈጽ እያሉ ስንዴና ገብስ ቀላቅለው ይዘራሉ፤ ልዩነቱ እነሱ መለየት ሳያስፈልጋቸው አብረው ይፈጩታል። እና እህቴ፣ ከቻልሽ በወር አንዴም ቢሆን ግዢው። ቀይ ወጥ የምትሠሪበትን ክክ ከቱርኮቹ ውሰጂ፣ ማንም አይፈርድብሽም።

ዘር ሲነሳ ሰው ሁሉ ወዲያው ስቫልባርድን ይጠራል፣ ኖርዌይ በረዶ ተራራ ውስጥ ያለውን ጎተራ። በ2008 ተከፍቷል፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ያስቀምጣል፣ የሶርያው ጦርነት የአሌፖን የዘር ባንክ ከሥራ ውጭ ሲያደርገው በ2015 ከስቫልባርድ ዘር ወጥቶ ጠቅሟል። ጥሩ ነው። ግን ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር አዲሱን በሽታም አዲሱንም ድርቅ አያይም። በየዓመቱ የሚዘራው ያያል፣ የተረፈው ይተርፋል። የአልብ ምስርም ሁለቱንም ፈልጓል፤ የሚያስቀምጥ ተቋምም፣ የሚዘራና የሚገዛ ሰውም።

ወደ ጓሮሽ እንምጣ። ገበያ ላይ ያየሽው ድፍን ስለሆነ ይበቅላል፤ ክክ ግን እንዳትሞክሪ። ሚያዝያ ላይ ዝሪው፣ እዚህም እዚያም ትንሽ ገብስ ጣል አድርጊበት። ፍግ አትስጪው። እኔ ጋ አጠገቤ ያለው የጀርመን ጎረቤቴ አዝኖልኝ ኮምፖስት አምጥቶ ነበር፣ በትሕትና ለቲማቲሙ አዛወርኩት። ምስር አፈሩ ሲደልብለት ቅጠል ብቻ ይሆናል። ነሐሴ አካባቢ የታችኛው የፍሬ ከረጢት ቡናማ ሲሆን ነቅለሽ ጥላ ሥር አድርቂው። የላይኛውን አረንጓዴ ስትጠብቂ የታችኛው ይረግፍብሻል። ጆንያ ውስጥ ረግጠሽ በሰፌድ አንገዋሊው፣ ገብሱን በወንፊት ለይው። አበባው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ከሌላ ዝርያ ጋር ይደባለቅብኛል ብለሽ አትጨነቂ፤ ለዘር ማስቀመጥ እንደ ምስር የሚመች የለም። የደረቀውን ዘር ለተወሰኑ ቀናት ፍሪዘር አስገቢው፣ ነቀዙን ይገድለዋል።

ጎመኑን በተመለከተ እናትሽን ይቅርብኝ በያት። ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ ለመዝራት የሚሆን ዘር የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት ይፈልጋል፤ ሻንጣ ውስጥ ያለች ትንሽ ቋጠሮም ብትሆን። ከኢትዮጵያ ሲወጣም ፈቃድ ይጠይቃል። መልካሙ ነገር ዘሩ እዚሁ አለ፤ የነባር ዘር ሻጮችና የዘር መለዋወጫ ገበያዎች «የአቢሲንያ ጎመን» ይሉታል። ደግሞ አንድ ነገር፦ የኢትዮጵያ ዘር ባንክ በ1976 የተቋቋመው በጀርመን እርዳታ ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመኖች ከኢትዮጵያ የሰበሰቡት ገብስ ደግሞ ቅጠሉን ዱቄት የሚያለብሰውን በሽታ የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። ያ ጠባይ ከ1979 ወዲህ በብዙ የአውሮፓ የቢራ ገብስ ውስጥ አለ። ስለዚህ ዘር ከኛ ወደነሱ አልሄደም የሚል ካለ፣ ብርጭቆውን አሳይው።

ጥያቄ፦ ከለንደን ነው። ከጓደኞቼ ጋር ወደ ዶቨር ባሕር ዳርቻ ወርደን አንዷ እንግሊዛዊት ከድንጋዩ መሃል ወፈር ያለ ቅጠል ቀጥፋ «ብላው» አለችኝ። ቆስጣ ቆስጣ ይላል። ምንድን ነው? መልቀም ይፈቀዳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንግሊዞች «ሲ ቢት» የሚሏት የባሕር ዳርቻ ዱር ተክል ናት። ቆስጣ ቆስጣ ብትልህ አይገርምም፤ የቆስጣም፣ የቀይ ሥርም፣ አውሮፓ ስኳር የሚሠራበት የነጩ ሥርም እናት እሷ ናት። ከሜዲትራኒያን እስከ ባልቲክ ዳርቻ ጨው እየተረጨባት ትኖራለች። የስኳሩን ተክል ሥሩን ጢም በጢም አድርጎ የሚያቀጭጭ ቫይረስ መጥቶ ገበሬውን ሲያስለቅስ፣ መከላከያ ከተገኘባቸው አንዷ ዴንማርክ ባሕር ዳር የተለቀመች የዱር ዘመዱ ነበረች። የአንዱ ዳርቻ ተክል ከሌላው ስለሚለይ፣ ሳይንቲስቶች ዘሩን ከማስቀመጥ አልፈው ቦታውን ራሱን መጠበቅ ይፈልጋሉ። ኮርንዎል ውስጥ ሊዛርድ የሚባለው ልሳነ ምድር ለዚህ የተመረጠ ነው፤ የዱር ካሮትና የዱር አስፓራገስም እዚያ አሉ።

ዶቨር ከሄድክ ነጩ ገደል ላይ ቢጫ አበባ ያለውንም እይ፤ የጥቅል ጎመን የዱር ዘመድ ነው።

ለራስህ የሚሆን ቅጠል መቅጠፍ በእንግሊዝ አብዛኛው ቦታ ችግር የለውም፤ የተከለለ ቦታ ካልሆነ። መንቀል ግን የባለመሬቱን ፈቃድ ይፈልጋል፤ ሥሩን አትንካ። ከአንድ ተክል ሁሉንም አትልቀም፣ ውሻ ከሚመላለስበት መንገድ ዳርም አትልቀም። ቅጠሉ ጨው አለው፤ ስታበስለው መጀመሪያ ቅመሰው፣ ከዚያ ጨው ጨምር።