ቅድመ አያቴ ጀርመናዊ ነበሩ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከአቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ አካባቢ ነው። የእናቴ አባት በ1925 ዓ.ም. እዚሁ ተወለዱ። አባታቸው «ሙሴ ካርል» የሚባሉ ጀርመናዊ መካኒክ ነበሩ። በ1922 ዓ.ም. በሠላሳ ዓመታቸው ገደማ መጥተው፣ ጣሊያን ሊገባ ሲል ወደ አገራቸው ሄዱ፤ በዚያው ቀሩ። ከአያቴ እናት ጋር በሰማንያ አልተጋቡም። በእጃችን የቀረው አንድ ፎቶ ነው። ከካርቶኑ ጀርባ የፎቶ ቤቱ ስምና «ኬምኒትዝ» የሚል ታትሟል፤ ከሥሩ በእርሳስ በላቲን ፊደል «ማየር» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ደላላ «ዘርሽን አጣርቼ የጀርመን ፓስፖርት አስጨርስልሻለሁ» ብሎ ሃምሳ ሺህ ብር ጠየቀኝ። ምን ይሻለኛል?
*የልጅ ልጅ፣ ከአቃቂ*

መልስ፦ ልጄ፣ ብርሽን ያዢ። ወደ ፓስፖርቱ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ፎቶውን እንየው።

ጀርመን አገር የሕዝቡ ሁሉ ስም ባንድ ላይ የሰፈረበት መዝገብ የለም። ልደትም ጋብቻም ሞትም የሚመዘገበው በየከተማው ነው፤ ሲያረጅም የሚቀመጠው እዚያው ከተማ ቤተ መዛግብት፣ እነሱ «ሽታትአርሺፍ» በሚሉት ነው። ስለዚህ የከተማውን ስም ያልያዘ ሰው የትም አይደርስም። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚጨርሰው ይህን ስም ጀርመን ድረስ ሲፈልግ ነው፤ ስሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚሁ፣ ከሣጥን ሥር፣ ከመቃብር ድንጋይ ወይም ከቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ላይ ነው። አንቺ ከፎቶው ጀርባ አግኝተሻል። ፎቶ የተነሡበት ከተማ የተወለዱበት ላይሆን ይችላል፤ ቢሆንም ለመነሻ ይበቃል።

ኬምኒትዝ ሳክሶኒ ውስጥ ያለች የጨርቃ ጨርቅና የማሽን ከተማ ናት፤ መካኒክ ከዚያ መጣ ቢባል አይገርምም። በአሮጌ ካርታ ፈልገሽ ካጣሻት አትደንግጪ፤ እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1990 ስሟ ካርል ማርክስ ሽታት ነበር። እኔ ላይፕዚግ የኅትመት ሥራ ስማር በዚሁ ስም ነው የማውቃት። ያ ግዙፍ የማርክስ ራስ ሐውልት ዛሬም እዚያው እንደቆመ ነው፤ ስሙን ሲቀይሩ እሱን ለማንሣት አልደፈሩም።

ቀጥሎ ዓመቱን አስተካክይ። የኛ 1922 ከመስከረም 1929 እስከ መስከረም 1930 እ.ኤ.አ. ያለው ጊዜ ነው። ሰውየው ያን ጊዜ ሠላሳ ከነበሩ፣ የተወለዱት በ1899 ወይም በ1900 ነው ማለት ነው። የቤተሰብ ወሬ ስለሚያዛንፍ ግን ለኬምኒትዝ ከተማ ቤተ መዛግብት ደብዳቤ ስትጽፊ ከ1895 እስከ 1905 እንዲፈለግ ጠይቂ። በደብዳቤው ላይ በኛ አቆጣጠር አንድም ዓመት አትጻፊ።

መላው ጀርመን የመንግሥት የልደት መዝገብ የጀመረው በ1876 ነው፤ ከዚያ በፊት የነበረው በቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። የልደት መዝገብ ለማንም ክፍት የሚሆነው 110 ዓመት ሲሞላው ነው፤ የጋብቻ 80፣ የሞት 30። በ1900 የተወለደ ሰው ጊዜው አልፏል፤ ስለዚህ «ምኑ ነሽ?» ብሎ የሚያስቸግርሽ አይኖርም። ከተማዋ በማርች 1945 ክፉኛ ተደብድባለች፤ ነገር ግን የመዝገቦቹ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቦታ ይቀመጥ ስለነበር፣ አንዱ ጠፋ ቢሉሽ ስለ ሁለተኛው ጠይቂ።

የሚልኩልሽ ቅጂ የታተመ ቅጽ ነው፤ ባዶ ቦታው በእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል። ቅጹ «ከዚህ በታች በፈረመው ሹም ፊት ዛሬ ቀርቦ» ይልና የአስመዝጋቢውን ስም፣ ሥራ፣ አድራሻና ሃይማኖት ይዘረዝራል። ከዚያ የእናትየዋ ስም ከነአባቷ ቤት ስም፣ የልደቱ ቀንና ሰዓት ይከተላል። ኅዳጉን ሳታዪ እንዳታልፊ፤ ብዙ ጊዜ ሰውየው ኋላ የት እንዳገባና የት እንደሞተ የሚጻፈው እዚያ ላይ ነው። በዚያ በኩል የማታውቂያቸው ዘመዶች ካሉሽ የሚገኙት በዚህች መሥመር ነው። የእጅ ጽሑፉ «ኩረንት» የሚሉት አሮጌ አጻጻፍ ነው። ኢ የምትባለዋ ፊደል ቁርጥ ኤንን ትመስላለች፣ ዩ በራሷ ላይ ትንሽ ቅስት ትጭናለች፤ የዛሬ ጀርመናዊ ወጣት እንኳ አያነበውም። ያቃተሽን ገጽ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ።

ልደቱ ካልተገኘ የነዋሪዎች ካርድ እንዲታይ ጠይቂ። ጀርመኖች እንደኛ ቀበሌ ነዋሪ ይመዘግባሉ፤ ከተማ የሚለቅ ሰውም መሸኛ እንደሚያወጣ ሁሉ መሄጃውን ያስመዘግባል። ከካርዱ ላይ «ወደ አፍሪካ» የሚል ብታገኚ ሰውዬሽን ያዝሽ ማለት ነው። በየጊዜው የሚታተም የአድራሻ መጽሐፍም ነበራቸው፤ የቤቱ አባወራ ስም፣ ሥራና መንገድ አለበት። የሳክሶኒዎቹን በድሬስደን ያለው የክልሉ ቤተ መጻሕፍት በኢንተርኔት በነፃ አውጥቷቸዋል፤ እስከዚያው ከቤትሽ ሆነሽ ልታገላብጪ ትችያለሽ።

አንድ ጣጣ አለ፤ ማየር በጀርመንኛ በአራት ዓይነት ፊደል ይጻፋል፣ ሰውም ሞልቶታል። እርሳሱ ላይ ያለውን ፊደል እንዳለ ገልብጪ፣ ሌሎቹም እንዲታዩ ጠይቂ። ፍለጋው በሰዓት ያስከፍላል፤ ዋጋውን አስቀድመው እንዲነግሩሽ ጻፊ። ደብዳቤው ከግማሽ ገጽ አይብለጥ፤ የአያትሽን ታሪክ ሁሉ አትተርኪላቸው።

አሁን ፓስፖርቱ። መዝገብና ዜግነት ለየቅል ናቸው። ከጁላይ 1 ቀን 1993 በፊት ካልተጋቡ ወላጆች የተወለደ ልጅ የጀርመናዊ አባቱን ዜግነት አይወርስም ነበር። በ2021 የወጣው ሕግ ለአንዳንዶቹ በር ከፍቷል፤ እሱም ከሜይ 23 ቀን 1949 በኋላ ለተወለዱ ነው። አያትሽ የተወለዱት በ1932 ወይም በ33 ነው። ደላላው ይህን አያውቅም፤ ወይም አውቆ ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ አይራ፣ ወለጋ፣ ጀርመኖች ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው የተማሩት። የዚያን ዘመን ፎቶ የት ይገኝ ይሆን?
*ከሰበታ*

መልስ፦ የሄርማንስቡርግ ሚሲዮን አይራ የገባው በ1928 እ.ኤ.አ. ነው። የራሱ ቤተ መዛግብት ስላለው የከተማ መዝገብ ቤት አትነካካ፤ በቀጥታ ወደ ሄርማንስቡርግ፣ ታችኛው ሳክሶኒ ጻፍ። የጣቢያውን ስም፣ አያትህ የተማሩበትን ዘመንና የሚያስታውሱት መምህር ካለ ስሙን ጥቀስ። በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ጠይቃቸው።