ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ጋዜጠኛ መሆን ያኖራል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነበው ለእኔ የተጻፈ ነው የመሰለኝ። «በሒሳብ አያያዝ ተመርቄያለሁ። ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ጋዜጠኛና ተንታኝ መሆን እፈልጋለሁ። ያለ ጋዜጠኝነት ዲግሪ ይሆናል ወይ? ያኖራል ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ ከ1998 ጀምሮ በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ዜና ፍለጋ ስዞር የኖርኩ ሰው ነኝ። የማውቀውን ልንገርሽ።

ዲግሪው አያስጨንቅሽ። ጳውሎስ ኞኞ ከአራተኛ ክፍል አልዘለቀም። ግን አዲስ ዘመን ላይ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው አምዱ አገር አስተምሯል። አንባቢ ይጠይቃል፣ እሱ መልሱን ፈልጎ ያመጣል። የአንቺ ሒሳብማ ትልቅ ሀብት ነው። የወረዳ በጀት አንብቦ የሚገባው ዘጋቢ እዚህ እንደ ልብ አይገኝም።

ኑሮው ከባድ ነው፤ አልዋሽሽም። በተባባሪ ዘጋቢነት ስጀምር የሚከፈለኝ በዜና ነበር። ዜናው ካልተላለፈ ክፍያ የለም። ማታ ማታ ተማሪ እያስጠናሁ ነው የቤት ኪራይ የከፈልኩት። አሁንም ቢሆን ሌላ ገቢ ሳትይዢ አትግቢበት። ከማጣቱ በላይ የሚፈትንሽ ደግሞ አበሉ ነው። መኪና ልኮ፣ ምሳ ጋብዞ፣ አበል ከፍሎ የሚጠራሽ መሥሪያ ቤት ጉድለቱን እንድትጽፊለት አይደለም። አንዱ የውሃ ቦኖ ሲያስመርቅ ጠራኝ። ሪባን ተቆረጠ፣ ውሃው ወረደ፣ ተጨበጨበ። በሳምንቱ በራሴ ወጪ ተመልሼ ስሄድ ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል፣ ቧንቧው ደርቋል። ያንን ስዘግብ ስልኬን ማንሳት አቆሙ። ሁለት ዓመት ሙሉ።

ሥራውን በደንብ ያስተማረኝ ግን መንዝ ነው። ስለ ጓሳ ጥብቅ ስፍራ አንድ ዘገባ ሠርቼ ነበር። ቦታውን ሳልረግጥ፣ ከአንድ ባለሙያ በስልክ የሰማሁትን ይዤ። ጭላዳውን ጠቀስኩ፣ ቀይ ቀበሮውን ጠቀስኩ፣ «በመንግሥት ጥበቃ የቆየ» አልኩና ጨረስኩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለሌላ ሥራ የመንዟ ከተማ መሐል ሜዳ ስደርስ፣ ሻይ ቤት ውስጥ በርኖስ የደረቡ አንድ አባት አስጠሩኝ። በሬዲዮ ሰምተውኛል።

«ልጄ፣ ጓሳን የጠበቀው ማነው ነው ያልከው?»

መልስ አልነበረኝም። አጠገባቸው አስቀመጡኝና ከሥሩ ጀምረው አስረዱኝ። ስለ አስቦና ጌራ፣ ቦታውን ስላቀኑት አባቶች። ስለ ቄሮ ሥርዓት፣ ማለትም ሣሩን በጋራ ስለሚጠብቁበት ባህላዊ ደንብ። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲከፈት ሰው አጭዶ ቤቱን ይከድናል፣ ገመድ ይገምዳል፣ ገሳ ይሠራል። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመንዝ ገበሬ በራሱ ሕግ የጠበቀው መሬት ነው። ሥርዓቱ የፈረሰው በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ነው። እኔ ያንን ሁሉ ዘመን በሁለት ቃል ደመሰስኩት። «አባቶቻችንን እኮ አጠፋሃቸው» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አዝነው ነበር። እርማት ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ ያልረገጥኩትን ቦታ አልተነትንም።

ተንታኝ መሆን ለምትይው ይኸው ነው መልሴ። እዚህ የምትጽፊለት ሰው ጎረቤትሽ ነው። ነገ ታክሲ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና ሲደርስ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ተሞላች። ስልኬ ሌሊቱን ሙሉ ይጮህ ነበር። የሰፈር ሰው፣ የልጄ አስተማሪ፣ ዳቦ የሚሸጡልን እናት፣ ሁሉም «እንውጣ ወይስ እንቆይ?» ይላል። ፌስቡክ ላይ ደግሞ ሩቅ አገር የተቀመጠ ተንታኝ ከደብረ ሲና ወደ እኛ የሚያወጣው ጣርማ በር ተያዘ፣ አልተያዘም እያለ በየሰዓቱ ይምላል። እኔ መናኸሪያ እየሄድኩ ከዚያ በኩል የመጡ ሹፌሮችን እጠይቅ ነበር። ራስህ ምን አየህ? በስንት ሰዓት? ከዚያ ለደወለ ሁሉ «አንድ ሹፌር ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይህን አይቷል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም» እላለሁ። የተናደደብኝ ብዙ ነው። ሰው ቁርጡን ይፈልጋል፤ እኔ ደግሞ የሌለኝን ቁርጥ መስጠት አልችልም ነበር። ልጆቹን ይዞ ሌሊት መንገድ የሚወጣው እኮ እሱ ነው።

ሕጉንም አንብቢ። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ 1238/2013 ስም ማጥፋትን ከወንጀል አውጥቶ በፍትሐ ብሔር የሚታይ አድርጎታል። የመረጃ ነጻነትን በሚመለከት አዋጅ 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለጥያቄሽ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያዛል። ስለዚህ በቃል አትጠይቂ። በደብዳቤ ጠይቂ፣ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን አስወጪበት። ፌስቡክ ላይ ስትጽፊ ደግሞ የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ 1185/2012ን አትርሺ፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለሽ ለሐሰተኛ መረጃ ቅጣቱ ይከብዳል።

ከየት ልጀምር ካልሽ ከወረዳሽ ጀምሪ። የዘንድሮውን በጀት በደብዳቤ ጠይቂ። ቢሰጡሽ ቁጥሩን ይዘሽ ተሠራ የተባለውን መንገድና ጤና ኬላ ሄደሽ እዪ። ባይሰጡሽም 30 ቀኑ ሲያልፍ ዘገባ አለሽ። ጽፈሽ ስትጨርሺ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ ቁጭ ብዬ አነብልሻለሁ።