ስለ ኖርማን ሊር ለጠየቅከው
ሊር ሲሞት አሜሪካኖቹ ለምን እንደዛ አወሩለት፣ ፕሮዲውሰር ብቻ አይደል እንዴ ላልከው፣ አዎ ፕሮዲውሰር ነው ግን የነሱን ሲትኮም (ተከታታይ የቲቪ ኮሜዲ) መልኩን የቀየረው እሱ ነው። በፈረንጆቹ 1922 አሜሪካ ኒው ሄቨን ከተማ ነው የተወለደው፣ ልጅ እያለ አባቱ ታስሮበታል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም በቦምብ ጣይ አውሮፕላን 52 ጊዜ ለውጊያ በርሯል።

ዋናው ነገር ግን 1971 ላይ የጀመረው ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ የሚባለው ሲትኮም ነው፣ ሀሳቡን ከእንግሊዞች ሲትኮም ወስዶ መጀመሪያ ኤቢሲ የሚባለው የቲቪ ጣቢያ ጋ ሄደ፣ እነሱ ሁለት ጊዜ የሙከራ ክፍል አሰርተውት አንፈልግም አሉ፣ ሌላው ጣቢያ ሲቢኤስ ወሰደው። አርቺ ባንከር የሚባል ዘረኛ አባወራ አለ፣ ከልጁ ባል ጋር ስለ ቬትናም ስለ ጥቁሮች ስለ ሴቶች መብት ሲጨቃጨቁ ነው የሚውሉት፣ ያኔ በቲቪ ኮሜዲ እንደዚህ አይነት ነገር ማን ይደፍራል! 5 ዓመት በተከታታይ በተመልካች ብዛት አንደኛ ሆነ።

ከዚህ ሲትኮም ተነጥሎ የወጣው ዘ ጄፈርሰንስ ደግሞ ሀብታም የሆነ የጥቁር ቤተሰብ አሳየ፣ እስከ 1985 ቆየ። ሁሉም ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም፣ ስለ ጥቁር ቤተሰብ በሆነው ሌላው ሲትኮሙ ጉድ ታይምስ ላይ ጥቁሮቹ ተዋናዮች ራሳቸው የትልቁ ልጅ ገፀ ባህሪ ቀልደኛ ብቻ ሆነ ብለው ተቃውመዋል፣ ለኔ እውነታቸውን ነው። 2023 ላይ በ101 ዓመቱ ነው ያረፈው፣ ለማየት ካሰብክ ከአርቺ ጀምር።