ጎልፍ ጂቲአይ ወይስ ፊየስታ ኤስቲ? ልጅ ለሚጠብቅ አባት

ከሁለቱ ትናንሽ ፈጣን መኪኖች፣ ከፎልክስዋገኑ ጎልፍ ጂቲአይና ከፎርዱ ፊየስታ ኤስቲ፣ የትኛውን ልግዛ ብለህ ጠይቀኸኛል። ጎልፍ ጂቲአዩን ግዛ። ባለቤትህ ስድስት ወሯ ነው ብለሃል፤ የሥራ መንገድህም በየቀኑ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ 495 ላይ ነው። ለዚህ ኑሮ ፊየስታ ኤስቲ አይመችህም። ሁለቱንም እዚሁ ሜሪላንድ ነድቻቸዋለሁ፤ መጀመሪያ የ2014ቱን ኤስቲ፣ ቀጥሎ የ2016ቱን ጂቲአይ።

ልዩነቱ የሚገባህ የሕፃን ወንበር ስታስር ነው። ወንበሩ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ስለሚታሰር፣ ኤስቲው ውስጥ የፊተኛውን መቀመጫ ወደፊት መግፋት ነበረብኝ። ባለቤቴ ጉልበቷ ከዳሽቦርዱ እየተጋጨ ሁለት ወር ቻለችው። ጂቲአዩ ውስጥ ሁሉም እንደልቡ ይቀመጣል፤ ጋሪውም ከኋላ ይገባል።

ለመንዳት ደስታ ከሆነ ግን ኤስቲውን የሚያክል አላየሁም። 197 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ክብደቱ ቀላል ስለሆነ መሪውን ነካ ስታደርገው ይታዘዛል። ጠበቅ ባለ ኩርባ ላይ የውስጠኛው የኋላ ጎማ ከመሬት ብድግ ይላል! እስካሁን ይናፍቀኛል። ችግሩ፣ የሚመጣው በማንዋል ብቻ ነው። ትራፊክ ላይ ፍሪሲዮን ስትረግጥ ትውላለህ። ጂቲአይ 210 የፈረስ ጉልበት አለው፤ አውቶማቲክም ታገኛለህ።

አንድ ነገር አደራ። የኔን ጂቲአይ የሸጠልኝ ሰው በሶፍትዌር ጉልበት ጨምሮበት ኖሮ አልነገረኝም። ፍሪሲዮኑ የተጨመረውን ጉልበት መሸከም አቅቶት በአምስተኛው ወር መንሸራተት ጀመረ። ማንዋል ካገኘህ ሳትከፍል በፊት እንዲህ ሞክረው፦

1. ባዶ መንገድ ላይ አራተኛ ማርሽ አስገብተህ ቀስ ብለህ ንዳ።
2. ነዳጁን እስከ ታች ርገጥ።
3. የሞተሩ ዙር ሽቅብ ወጥቶ ፍጥነቱ ካልተከተለው፣ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ትተኸው ሂድ።