ስለ አጎትሽ የምርኮ ደብዳቤዎች፤ በእኛ ቤት የሆነውን ልንገርሽ

እኅቴ፣ አጎትሽ በኤርትራ ምርኮኛ በነበረበት ጊዜ ቤተሰቡ የተጻጻፋቸውን ደብዳቤዎች ከአያትሽ ሣጥን እንዳገኘሽ፣ እንዴት እንደምታነቢያቸውና የምርኮኝነቱን ማስረጃ እንዴት እንደምታወጪ ግራ እንደ ገባሽ ጽፈሻል። የእኛም ቤት ታሪክ ይኸው ነው። ታላቅ ወንድሜ በ1991 ዓ.ም. ተማርኮ በነሐሴ 1994 ተለቀቀ። በቤታችን ማንበብና መጻፍ የምችል እኔ ብቻ ስለ ነበርሁ፣ የመጣውን ጮክ ብዬ የማነበውም ሆነ የሚላከውን የምጽፈው እኔ ነበርሁ።

1. ደብዳቤዎቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ሳታስቀምጪ ምንም ነገር አትደምድሚ። ወንድሜ በእጁ የሚጽፈው ቀን በእኛ አቆጣጠር ሲሆን፣ ደብዳቤው በሚጻፍበት የቀይ መስቀል ቅጽ ላይ ያረፈው ማኅተም ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኅቴ ልጅ በቅርቡ ላደራጃቸው ብሎ አንዱን በ1993፣ ሌላውን በ2000 ሥር አስቀምጦ፣ በሦስት ወር ብቻ የሚለያዩትን ሁለት ወረቀቶች ሰባት ዓመት አራርቋቸው ነበር።

2. ከነሐሴ 1992 በፊት የተጻፈ ደብዳቤ ብታጪ በአጎትሽ አትዘኚበት። ጦርነቱ የተጀመረው በ1990 ቢሆንም፣ ኤርትራ የምርኮኞችን አያያዝ የሚደነግጉትን የጄኔቫ ስምምነቶች የተቀበለችው ነሐሴ 8 ቀን 1992 ነው፤ የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ልዑካንም ምርኮኞቹን እንዲያዩ የተፈቀደላቸው በዚያው ወር ነው። ከጦርነቱ በኋላ የሁለቱን አገሮች የካሳ ጥያቄ የዳኘው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽንም በሰኔ 1995 በሰጠው ውሳኔ ልዑካኑን እስከዚያ ድረስ መከልከሏን የኤርትራ ጥፋት አድርጎ ቆጥሮታል። ስምምነቱ ለአንድ ምርኮኛ በወር ቢያንስ 2 ደብዳቤና 4 ካርድ ይፈቅዳል፤ እኛ ግን ከወንድሜ በጠቅላላው የደረሱን ሰባት ናቸው፤ ሰባቱም የተጻፉት ምርኮኞቹ ከተያዙበት ከኤርትራው ናቅፋ ነው። በዚያ የዝምታ ዘመን እናታችን፣ «በሕይወት ቢኖርማ አንዲት መስመር አይነፍገኝም ነበር» ትል ነበር፤ ይህ አነጋገሯ ውሎ አድሮ የቤቱ ሁሉ እምነት ሆነ።

3. የቦታ ስም ስትጽፊ እጅግ ተጠንቀቂ። ብዙ ያስከፈለን ስሕተት ይህ ስለ ሆነ ሰፋ አድርጌ እነግርሻለሁ። እኛ የምዕራብ ጎጃም ቡሬ ሰዎች ነን። ወንድሜ ደግሞ የተማረከው በቡሬ ግንባር፣ ማለትም በአፋር በኩል ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለው ቡሬ ነው። በመስከረም 1993 ምርኮኞች እየታዩ ነው የሚል ወሬ ሰምተን፣ አባታችንና እኔ የመፈለጊያ ማመልከቻ ይዘን በዚያ ጊዜ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወደ ተባልነው ጽሕፈት ቤት ሄድን። ማመልከቻውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። የትውልድ ቦታ በሚለው ላይ ቡሬ፣ መጨረሻ የታየበት ቦታ በሚለውም ላይ ቡሬ ብዬ ጻፍሁ። የግንባሩን ስም ሙሉ አድርጌ፣ «ቡሬ ግንባር፣ የአሰብ መንገድ» ብዬ ብጨምር ኖሮ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ጸሐፊው ወረቀቱን ካየ በኋላ ቀና ሳይል፣ «ቡሬ የጠፋ ሰው ከሆነ እዚያው ቡሬ ፈልጉት» ብሎ መለሰልን። አባታችን ቆባቸውን አውልቀው፣ ልጃቸው ወታደር እንደ ሆነ ሊያስረዱ ሲጀምሩ፣ ሌላ ባለጉዳይ ጠራ። ሽማግሌ ሰው ቆሞ ሲለምነው ቀና ብሎ አለማየቱ ዛሬም ድረስ ያንገበግበኛል።

አባታችን ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ወንድሜ መጠየቅ ተዉ። ከግንባር የተመለሰ አንድ የአገራችን ልጅም ሲወድቅ አይቼዋለሁ ብሎ ስለ ነበር፣ በታኅሣሥ 1993 ፍትሐቱ ተፈትቶ ተዝካሩ ወጣ። ለድግሱ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረን አባታችን ጥማድ በሬያቸውን፣ ቡሬንና ዳልቻን፣ ሸጡ፤ መሬቱንም ለእኩል አራሽ ሰጠን። የወንድሜ የመጀመሪያ ደብዳቤ በጥር ደረሰን። የተጻፈው በመስከረም ነበር፤ ማመልከቻችን በተመለሰበት በዚያው ወር።

ደብዳቤው አጭር ነው። ጤንነቱን ከነገረን በኋላ፣ «ቡሬ እንዴት ሰነበተ? ዳልቻስ እግሩ ተሻለው? ዘንድሮ የወንዙን ዳር መሬት ምን ዘራችሁበት?» ይላል። የእኅቴ ልጅ ይህን ሲገለብጥ ቡሬ ያለውን ከተማዋ አድርጎ ጽፎት ነበር። በሬው መሆኑን የሚያውቅ ሰው በአጠገቡ ባይኖር ኖሮ እንደዚያው ይቀር ነበር።

እንግዲህ ለራሱ ተዝካር የተሸጡትን በሬዎች ለእርሱ እንዴት ብለን እንንገረው? አባታችን ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «ደኅና ናቸው በለው፤ ጤፍ ዘርተናል በለው» አሉኝ፤ እኔም እንደ ታዘዝሁት ጻፍሁ። ከዚያ በኋላ በላክናቸው ደብዳቤዎች ሁሉ በሬዎቹ ያርሳሉ፣ ዳልቻም እግሩ ድኗል። ቅጹ ፖስታ የሌለውና ማንም የሚያነበው ስለ ሆነ ከቤተሰብ ወሬ በቀር ሌላ ነገር መጻፍ አይቻልም፤ አንድ ጊዜ የአጎታችን ልጅ ለወታደርነት መመዝገቡን ጠቅሼ ወረቀቱ ተመልሶልናል። ስለዚህ እኅቴ፣ «ደኅና ነን» የሚለውን ቃል በሁለቱም ወገን እንዳለ አትቀበዪው። እርሱም ስለ ሕመሙ አንድም ጊዜ አልጻፈልንም።

የማስረጃውን ነገር በተመለከተ፣ ልዑካኑ አይተው የመዘገቧቸው ምርኮኞች የምርኮኝነት ማረጋገጫ ከዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሊያገኙ ይችላሉ፤ አዲስ አበባ ባለው ቢሮው ጠይቂ። የአጎትሽን ስም እስከ አያቱ፣ በሠራዊቱ የተመዘገበበትንና በቤት የሚጠራበትን ሁለቱንም፣ በቅጹ ላይ ቁጥር ካለም ቁጥሩን ጻፊ። ዋናውን ደብዳቤ ለማንም አትስጪ፤ ቅጂውን ብቻ ይዘሽ ሂጂ። አያትሽ በሕይወት ካሉ ግን ከዚያ ሁሉ በፊት አጠገባቸው ተቀምጠሽ አንድ በአንድ አንብቢላቸው። በአጎትሽ ዕቃ ውስጥም ከቤት የተላኩለት መልሶች መኖራቸውን ፈትሺ፤ ወንድሜ የእኛን ሁሉንም በላስቲክ ጠቅልሎ አምጥቷቸው ነበር።

እቤት የገባው በመስከረም 1995 አመሻሽ ላይ ነው። እናታችን እልል ብላ ሳትጨርስ፣ ጎረቤቱም ገና እየተሰበሰበ ሳለ፣ ኩራዙን አንሥቶ ወደ በረቱ ሄደ። አባታችን ከመደባቸው አልተነሡም። ተከትዬው የሄድሁት እኔ ነኝ፤ ባዶው በረት ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁትና፣ ያን ሁሉ የጻፍሁት እኔ መሆኔን ነገርሁት።