የወይራ ዝንብ ተምሬ አገሬ ስመለስ ምን ልሠራበት?

«በዕጽዋት ሳይንስ ተመርቄ ወረዳ ግብርና ጽ/ቤት ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ጣሊያን፣ ባሪ ከተማ ለማስተርስ ተቀብለውኛል። አማካሪዬ የሰጡኝ ርዕስ ግን የወይራ ዝርያዎች በፍሬ ዝንብ የሚጠቁበት መጠን ለምን ይለያያል የሚል ነው። እኛ ጋ ወይራ ለጭስና ለዱላ እንጂ ለፍሬ ማን ይተክላል? ጓደኞቼ እየሳቁብኝ ነው። ርዕሱን ላስቀይር?» ከሐዋሳ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ አለሽ። ርዕሱን አታስቀይሪ። ግን ዝም ብለሽም አትቀበይው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ባሪ ያለችው ፑሊያ ውስጥ ነው፤ ከጣሊያን ግዛቶች ብዙ ወይራ የሚያመርተው እሱ ነው። ፍሬውን ከዛፉ ትለቅሚያለሽ። ቆዳውን በማጉያ መነጽር ታያለሽ። ዝንቧ እንቁላሏን የከተተችበት ቦታ ላይ ሦስት ማዕዘን የሚመስል ትንሽ ቡናማ ምልክት ይኖራል። ከዚያ በቢላ ትከፍቺዋለሽ። ያለው እንቁላል ነው? በሕይወት ያለ እጭ ነው? የሞተ ነው? ወይስ እጩ ወጥቶ ሄዶ ቀዳዳው ብቻ ቀርቷል? ይህን በመቶዎች በሚቆጠሩ ፍሬዎች ላይ ትደጋግሚዋለሽ። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽሽም። የጥናትሽ ነፍስ ግን እዚያ ነው። የተወጋ ፍሬና የተበላ ፍሬ አንድ አይደሉም። ዝንቧ ጭራሽ የማትመርጠው ዝርያ አለ። እንቁላል ጥላበት እጩ የማያድግበትም አለ። ለገበሬው ሁለቱ የተለያየ ትርጉም አላቸው።

ዝንቧ በአብዛኛው ትልልቅ ፍሬ ትወዳለች። የጣሊያኑ አስኮላና ቴኔራና የስፔኑ ጎርዳል ለዚህ ነው ክፉኛ የሚጠቁት። የግሪኩ ኮሮኔይኪ ፍሬው ደቃቃ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይሻላል። ግን መጠን ብቻውን አይበቃም። የቆዳው ጥንካሬ፣ ላዩ ላይ ያለው ሰም፣ ቀለሙ፣ ኦሊዩሮፔን የሚባለው መራራ ንጥረ ነገር፣ ሁሉም ድርሻ አላቸው። እኔን በጣም የሳበኝ የእስራኤል ተመራማሪዎች ያሳዩት ነው። እጩ ጥሬ ወይራ ውስጥ የሚያድገው ሆዱ ውስጥ ባለ ባክቴሪያ እየታገዘ ነው። ባክቴሪያውን ሲያጠፉበት ጥሬው ፍሬ ላይ ማደግ አቃተው። በሰለው ላይ ግን አደገ። ስለዚህ የለቀማሽ ጊዜ ራሱ ውጤቱን ይቀይረዋል። ውሃ የጠጣ ዛፍ ፍሬው ፋፍቶ ዝንብ ይጠራል። ዛፉ ጥቂት ባፈራበት ዓመት ደግሞ ዝንቧ ምርጫ ስለሌላት ያለውን ትወጋለች። «ይህ ዝርያ ይቋቋማል» ብሎ ደረጃ ማውጣት ከባድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

አገር ቤት ስትመለሺ ማንጎ ይጠብቅሻል። የማንጎን ፍሬ የሚወጋው ባክትሮሴራ ዶርሳሊስ የወይራው ዝንብ ዘመድ ነው። ከእስያ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ውስጥ ታየ፤ ብዙም ሳይቆይ እኛም ዘንድ ገባ። ኬንት፣ ኪት፣ ቶሚ አትኪንስና አፕል ማንጎ እኛ ጋ ይተከላሉ። ከእነዚህ የትኛው ይወጋል፣ የትኛው ላይ እጩ ያድጋል ብሎ ለመጠየቅ የምትጠቀሚው ያንኑ ቢላና ያንኑ ቆጠራ ነው። ልዩነት መኖሩንም እወቂ። የወይራ ዝንብ ከወይራ ውጭ አይበላም። የማንጎው ግን ፓፓያውንም ዘይቱኑንም (ጉዋቫውንም) ይደርሳል፣ ስለዚህ የጓሮው ፍሬ ሁሉ ስሌት ውስጥ ይገባል። መልካሳ የምርምር ማዕከል ወይም ናይሮቢ ያለው ኢሲፔ የሚባለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ሥራ ስትጠይቂ የሚያዩት ይህን ሥራ መቻልሽን ነው፣ ፍሬው ምን እንደነበር አይደለም።

ደግሞ ጓደኞችሽ የሚስቁበት የእኛ ወይራ ለፍሬ የሚተከለው ወይራ የዱር ወንድም ነው። ጣሊያናዊው የነፍሳት ተመራማሪ ፊሊፖ ሲልቬስትሪ የወይራውን ዝንብ የሚገድሉ ጥገኛ ተርቦችን ፍለጋ ኤርትራ ድረስ የመጣው ለዚህ ነበር።

ከመሄድሽ በፊት ለአማካሪሽ አጭር ኢሜይል ጻፊላቸው። «ሁሉም ዝርያ ከአንድ ማሳ፣ በእኩል ውሃ ካደጉ ዛፎች ቢለቀም፣ የተወጋውንና እጭ ያደገበትንም ለየብቻ ብንቆጥር ምን ይመስልዎታል?» በያቸው። መልሳቸው ሲመጣ ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።