ስለ ፌምቶሴል ጌትዌይ ጠይቁ፦ ጥያቄና መልስ

ኢንጂነሩ፦ ሥራዬ የኤልቲኢ (የ4ጂ) ኮር፣ ማለትም የኔትወርኩ ማዕከል ነው። ፌምቶሴል ወይም ፌምቶ ቤት ውስጥ የምትቀመጥ፣ በቤቱ ኢንተርኔት ከኦፕሬተሩ የምትገናኝ ትንሽ የሞባይል ጣቢያ ናት፤ ፌምቶ ጌትዌይ ደግሞ ብዙ ፌምቶዎችን ሰብስቦ ከኮሩ የሚያገናኝ ነው። ስለ ፌምቶ ጌትዌይና ስለ ኢንተርፌሶቹ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ስለ ፓኬጅ ዋጋ አልመልስም። ከወዲሁ ልበል፦ ኤስ1ን (ፌምቶን ከኮሩ የሚያገናኘውን ኢንተርፌስ) ያለ አይፒሴክ (መረጃውን የሚመሰጥር ቶነል) በኢንተርኔት አታሳልፉ።

ፓኬት፦ ኢንጂነር፣ በ3ጂ ጌትዌዩ ግዴታ ነበር። በኤልቲኢ ለምን እንደ አማራጭ ተተወ?

ኢንጂነሩ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! በ3ጂ ፌምቶዋ የምትናገረው አይዩኤች የተባለ ኢንተርፌስ ነው፣ ኮሩ የሚሰማው ግን አይዩ የተባለውን ብቻ። መሃል ላይ የሚቀይር የግድ ያስፈልጋል። በኤልቲኢ በሁለቱም በኩል ያው ኤስ1 ነው። ጌትዌዩ ለፌምቶዋ ኤምኤምኢ (በኮሩ ውስጥ የስልኮችን ምዝገባና ቁጥጥር የሚመራው)፣ ለኤምኤምኢው ደግሞ ኢኖድቢ (ተራ የኤልቲኢ ጣቢያ) መስሎ ይቀርባል። ብታወጣውም ይሠራል። ታዲያ ለምን እናስገባዋለን? ለብዛቱ። እያንዳንዷ ፌምቶ በፖርት 36412 የራሷን ኤስሲቲፒ (የቁጥጥር መልእክት መስመር) ትከፍታለች። የአንድ ሰፈር መብራት ሄዶ ሲመጣ ሁሉም ባንዴ ኤስ1 ሴትአፕ (ግንኙነት የመክፈቻ ጥያቄ) ይልካሉ፤ ሰው ሲተኛ ሣጥኑን ከሶኬት ይነቅላል፣ ጠዋት ይሰካል። ጌትዌይ ካለ ይህን ግርግር እሱ ይችለዋል፤ ኤምኤምኢው የሚያየው አንድ ኢኖድቢ ብቻ ነው።

የአዳማው፦ ዩዘር ፕሌኑም (የደንበኛው ዳታ) በጌትዌዩ ይለፍ ወይስ ሲግናሊንጉ (የቁጥጥር መልእክቱ) ብቻ?

ኢንጂነሩ፦ 3ጂፒፒ (የሞባይል ደረጃ አውጪው) ሦስት አማራጭ አስቀምጧል፦ ሁለቱም በጌትዌይ፣ ያለ ጌትዌይ፣ ሲግናሊንግ ብቻ በጌትዌይ። እኔ ሦስተኛውን እመርጣለሁ። ጂቲፒዩ (የደንበኛውን ዳታ የሚሸከመው ፕሮቶኮል) በዩዲፒ ፖርት 2152 በቀጥታ ወደ ሰርቪንግ ጌትዌይ (በኮሩ ውስጥ ዳታውን ወደሚቀበለው) ይሂድ። የሰው ቪዲዮ ሁሉ በአንድ ሣጥን የሚያልፍበት ምክንያት አይታየኝም።

ፓኬት፦ አልስማማም። ያኔ ሰርቪንግ ጌትዌዩ ከእያንዳንዷ ፌምቶ ጋር ኢኮ (መስመሩ መኖሩን የሚያጣራ መልእክት) ሲለዋወጥ ይውላል። በጌትዌዩ ካለፈ መንገዱ አንድ ነው።

ኢንጂነሩ፦ ኢኮ ትንሽ ፓኬት ናት፣ ቪዲዮ ግን አይደለም።

ፓኬት፦ ብዛቱን ያነሱት እርስዎ ነዎት!

ቤዝመንት፦ ሰላም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፣ ምድር ቤት ተከራይቼ። ኔትወርክ አይገባም፣ ምን ልግዛ?

ኢንጂነሩ፦ ኦፕሬተርህን ጠይቅ።

ኬብል፦ ዋይፋይ ኮሊንግ አብራና ተገላገል። ፌምቶ አብቅቶለታል፤ የኤቲኤንድቲ ማይክሮሴልም በ2022 ከ3ጂው ጋር ተዘግቷል።

የአዳማው፦ እሱ የተዘጋው 3ጂ ስለነበረ ነው፣ ምን አገናኘው?

ቤዝመንት፦ አዲስ አበባ ላለችው እናቴስ ከዚህ ገዝቼ ብልክላት?

ኢንጂነሩ፦ አይሠራም። ፍሪኩዌንሲው የኦፕሬተር ነው። ሣጥኑም የሚፈልገው የራሱን ኦፕሬተር ሴኩሪቲ ጌትዌይ ነው፤ በሰርተፊኬት ካልታወቀ በሩ አይከፈትለትም።

ሚሚ፦ ፌምቶ ጌትዌይ ካለን ሴኩሪቲ ጌትዌይ ለምን ያስፈልጋል? ሁለቱም ጌትዌይ አይደሉም?

ኢንጂነሩ፦ መጀመሪያ ያልኩትን አንብቢ። የሬዲዮው ምስጠራ ፌምቶዋ ውስጥ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የደንበኛው ዳታ የሚወጣው በግልጽ ነው፤ ሽፋኑ አይፒሴክ ብቻ ነው፣ እሱን የሚቀበለው ደግሞ ሴኩሪቲ ጌትዌዩ። ከፌምቶ ጌትዌዩ ፊት ይቀመጣል። በአንድ ሣጥን ውስጥ የሚያዋህዱ አምራቾች አሉ፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። በ2013 ላስ ቬጋስ ላይ ተመራማሪዎች ሰብረው የተቆጣጠሩትን ፌምቶ ይዘው የሰው ጥሪ አሰምተዋል። ሣጥኑ የሚቀመጠው ሰው ሳሎን ውስጥ መሆኑን አትርሱ።

ኬብል፦ ኤክስ2 (ጣቢያዎች እርስ በርስ የሚገናኙበት ኢንተርፌስ) በጌትዌዩ ያልፋል?

ኢንጂነሩ፦ በዚህኛው አያልፍም። የ3ጂፒፒ ደረጃ እትም የሆነው ሪሊዝ 10 በፌምቶዎች መካከል ቀጥታ ኤክስ2 ፈቀደ፤ ኤክስ2 ጌትዌይ የሚባለው ሌላ ነው፣ በሪሊዝ 12 የመጣ።

ተማሪው፦ ፌምቶው አይሠራም፣ እርዱኝ።

ኢንጂነሩ፦ ምኑ ነው የማይሠራው? ቶነሉ? ኤስ1? ሎግ ሳታመጣ አትጠይቀኝ።

ተማሪው፦ ይቅርታ ኢንጂነር። ላብ ላይ ነው። ቶነሉ ወጥቷል፣ ኤስ1 ሴትአፕ ተሳክቷል፣ ስልኩም ይመዘገባል። ፒንግ ይሄዳል፤ ዌብሳይት ግን ግማሹ ይከፈታል፣ ግማሹ ይንጠለጠላል።

ኢንጂነሩ፦ እንዲህ ጠይቅ! ኤምቲዩ (ሊያልፍ የሚችለው ትልቁ የፓኬት መጠን) ነው። በደንበኛው ፓኬት ላይ ጂቲፒዩ፣ ዩዲፒና አይፒ ሲደረቡ 36 ባይት ይጨምራሉ፤ በዚያ ላይ ኢኤስፒ (የአይፒሴኩ ሽፋን) አለ፣ ቤት ውስጥ ራውተር ስላለ ደግሞ በፖርት 4500 የሚሄድ ሌላ ዩዲፒ። 1500 ባይት የነበረው አያልፍም። የተለመደው ፒንግ ትንሽ ስለሆነ ሾልኮ ያልፋል። በ1400 ባይት፣ እንዳይቆራረጥ ከልክለህ፣ ፒንግ አድርግና ውጤቱን ጻፍልኝ።

ተማሪው፦ አላለፈም። በ1300 አለፈ።

ኢንጂነሩ፦ በል እንግዲህ የስልኩን ኤምቲዩ ከኮሩ በኩል ዝቅ አድርገው። አይፒሴኩን ግን “ለሙከራ” ብለህ እንዳታጠፋው።

ቤዝመንት፦ እና እኔ ምን ልግዛ?